ባለቤቴ ምርጫ የተሸነፈ ዕለት

ባለቤቴ ለከተማው የውጭ ዜጎች ምክር ቤት እወዳደራለሁ ያለኝ ጊዜ፣ የምከትፈውን ሽንኩርት ትቼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። የምንኖረው ጀርመን አገር፣ ኦስትኤንድ የሚባል ሰፈር ነው፤ እሱ ፌኸንሃይም ሰፈር ያለ ፋብሪካ ይሠራል፤ ልጆቻችን ገና ትንንሾች ናቸው።

«ፖለቲካ አልበቃህም?» አልኩት።

ምክንያት ነበረኝ። ታላቅ ወንድሜ ተማሪ ሳለ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ተናገረ፤ በሳምንቱ ከቤት ወሰዱት፤ አልተመለሰም። እናቴ እስክትሞት ድረስ በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጥ ነበር። እኔም ፍርሃቷን ይዤ ነው ጀርመን የገባሁት።

«እዚህ እኮ የምንጨቃጨቀው ስለ አውቶቡስና ስለ መዋዕለ ሕፃናት ነው» አለኝ።

ተመረጠ። እውነትም ሥራው አውቶቡስ ሆነ። ከከተማው ዳር፣ ጻይልስሃይም የሚኖሩ አንዲት ኤርትራዊት እናት ቤታችን ድረስ መጥተው፣ «ልጄ፣ እሁድ ጠዋት አውቶቡሱ ስለሚዘገይ እኔ ስደርስ ሰዉ አስቀድሶ ይወጣል» አሉት።

«አንቱ ቅዳሴ ሳይደርሱ እኔም አርፌ አልቀመጥም» አላቸው።

አላረፈምም። ከሥራ ይመጣና ፊቱን ታጥቦ ይወጣል። «ዚትሱንግ አለብኝ» ይላል፣ ስብሰባ ማለቱ ነው። ትንሿ ልጃችን ሰው «አባትሽ የት ነው?» ብሎ ሲጠይቃት፣ በጀርመንኛ «ፓፓ የሚኖረው ዚትሱንግ ነው» ብላ አሳቀችን። እኔ አንዳንዴ አብሬው ሄጄ ኋላ እቀመጣለሁ። ከባለሥልጣን ጋር ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲከራከር እኔን ያልበኛል።

በመጨረሻ የእሁድ ማለዳ አውቶቡስ ተጨመረ። እኚያ እናት ድፎ ዳቦ ደፍተው መጡ። «ዕድሜ ይስጥህ፣ ከክፉ ይጠብቅህ» ብለው ሲመርቁት ከሁሉ በላይ ጮኼ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ።

የሥራ ዘመኑ ሲያልቅ እንደገና ተወዳደረ። ተሸነፈ። ወንበሩን አንዲት ወጣት ቱርካዊት ነርስ ወሰደችው። ውጤቱ ሲነገር እኔ የሁለታችንንም ካፖርት ታቅፌ በአዳራሹ በር አጠገብ ቆሜ ነበር። ማን ሂጂ እንዳለኝ እንጃ፣ እግሬ ራሱ ወሰደኝ። ባለቤቴ ተነሥቶ ወደ እሷ ሲያመራ የበሩን እጀታ ያዝኩ።

እጁን ዘረጋላት። እሷም በሁለት እጇ ያዘችውና፣ «ሰኞ ቢሮ ና፣ የጀመርከውን ሁሉ ታሳየኛለህ» አለችው።

«ደስ ይለኛል» አላት።

አለቀ። አንዱ የፖም ጠጅ ቀዳላቸውና ቆመው ሲሳሳቁ አየኋቸው።

ትራም ውስጥ እንደተቀመጥን እንባዬ መጣ። ደነገጠ።

«ይህን ያህል አዘንሽ? በመሸነፌ ነው?»

«ኧረ እኔስ አላዘንኩም! ተሸንፈህም ወደ ቤትህ እየሄድክ እኮ ነው።»

ወንድሜን ያውቀው ነበር፤ አንድ ሰፈር ነው ያደጉት። እጄን ያዘኝ። «እውነቱን ልንገርሽ? እኔም ደክሞኝ ነበር» አለኝ። ያኔ ሳቄ አመለጠኝ፤ እሱም ተከተለኝ። ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ጀርመናዊት አሮጊት ምን እንደሆንን ሳያውቁ አብረውን ሳቁ።

ቅዳሜ ልጆቹን ይዞ ዋና ሄደ። እኔ መስኮቱን ከፍቼ በቀን ተኛሁ። ተመልሰው በሩን ሲከፍቱ እንኳ አልሰማሁም፤ እንዲያ ያለ እንቅልፍ ከልጅነቴ ወዲህ ተኝቼ አላውቅም።