የሽማግሌው ወንዝ

ሮውሌት በምትባል ከተማ፣ ሐይቅ ዳር ባለ ቤት ውስጥ፣ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ አስታምም ነበር። ሥራዬ ሆም ኬር ነው። ጠዋት ከምኖርበት ሰፈር ከሌክ ሃይላንድስ ተነሥቼ እሄዳለሁ፣ አጥባቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ፣ ማታ ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ አስረክቤያት እወጣለሁ። በስሜ ጥሪኝ ቢሉኝም ወሎ ያደገ አፌ እምቢ አለኝና «ሰር» እላቸው ነበር።

ሐይቁን አይወዱትም። «ሰው ገድቦ ያቆመው ለብ ያለ ውሃ ነው» ይሉኛል። የእሳቸው ውሃ ኮሎራዶ ተራራ ላይ ያለ ወንዝ ነበር። እኔ እሳቸውን እንደማስታምም እሳቸው ታመው ልጃቸው ቤት እስኪገቡ ድረስ ዕድሜያቸውን ያን ወንዝ ሲያስታምሙ ኖረዋል። ከብት ዳርቻውን እንዳይረግጠው አጥረዋል፤ አኻያ ተክለዋል፤ ከላይ ያለው ጫካ እንዳይቆረጥ በየስብሰባው ተሟግተዋል። ይህ ሁሉ ትራውት ለሚባል ዓሣ ነው።

«ለመብላት ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን ቁርስ እያጎረስኳቸው።

ሣቁ። «ይዤ እለቀዋለሁ እንጂ አልበላውም። ትራውት ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ ካላገኘ አይኖርም። እንቁላሉን የሚጥለው ጠጠር መሃል ነው። ጫካው ከተነካ አፈሩ ይወርዳል፣ ደለሉ ጠጠሩን ይደፍነዋል፣ እንቁላሉ ታፍኖ ይቀራል። ዓሣውን የፈለገ ተራራውን ይጠብቅ።»

ይሄ አልከበደኝም። እኛም ጋ ኮረብታው ሲራቆት ምንጩ የት እንደገባ አይቻለሁ።

ባለፈው ሰመር ያ ተራራ ላይ እሳት ተነሣ። ልጃቸው ኩሽና ውስጥ ጠርታኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጫካው ተቃጥሏል። ከእሳቱ በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ አመዱን ሁሉ ወንዙ ውስጥ ከተተው። ዓሣ የሚባል አልተረፈም። ፕሊስ፣ እንዳትነግሪው፤ ልቡ አይችልም» አለችኝ።

«ከጠየቁኝስ?»

«አላውቅም በይው።»

ዜና ሲመጣ ቻናል መቀየር ሥራዬ ሆነ። እዚያ አብሯቸው ችግኝ ሲተክል የኖረ አንድ ጓደኛ ነበራቸው፤ ወደ እሱ ኮል አድርጊልኝ ሲሉኝ እያመካኘሁ አሳልፍ ነበር። አንድ ቀን ግን ሰውዬው ራሱ ደወለ። እኔ ሳህን ሳጥብ እሳቸው አነሡት።

«ሁሉም?» ሲሉ ሰማሁ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ከላይ ያለው ጫካም?» አሉ።

ስገባ ስልኩ ጭናቸው ላይ ነው። እጃቸው ብርድ ልብሱን ጨምድዶ ይዟል።

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ ሰር።»

«ልጄ ናት ዝም በይ ያለችሽ?»

ስልኩን ከጭናቸው ላይ አነሣሁ።

«አልቀየማትም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እደብቅ ነበር» አሉና አለቀሱ። ሕመሙ ሲብስባቸው እንኳ ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም። ለሰው ሐዘን የሚባለውን አውቃለሁ፤ ለወንዝ ሐዘን ምን እንደሚባል ግን ማን አስተማረኝ? «አላህ ያጽናዎት» አልኳቸው በአማርኛ። ምን ማለት እንደሆነ ሳይጠይቁኝ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ማታ ልጃቸው ስትመጣ እንዳልሄድ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ።

«ስሞት ሬሳዬን አቃጥላችሁ አመዴን ወንዙ ላይ በትኑልኝ ብዬሽ ነበር» አሏት።

«አዎ ዳዲ።»

«ትቼዋለሁ። እዚሁ አፈር ውስጥ ቅበሪኝ። ያ ወንዝ አመድ በቅቶታል።»

ልጅቷ ፊቷ ተለዋወጠ። «እማማስ? የእሷ አመድ እኮ እዚያ ነው የተበተነው።»

«አውቃለሁ» አሉ።

ቤቴ ደርሼ ለባለቤቴ ነገርኩት። እንደ እኔው ሙስሊም ነውና ሬሳቸው ሊቃጠል እንደሆነ ቀድሞ ከነገርኩት ጀምሮ ሲከነክነው ከርሟል። «ሶ ሊቀበሩ ነው? አልሐምዱሊላህ!» አለ። እኔ ግን ደስ አላለኝም። ሰውን ከሚስቱ የሚለይ ብዙ ምክንያት ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን አልሰማሁም።

ከዚያ በኋላ እህል አልረጋላቸውም። ስለ ዓሣ ሳነሣላቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ እኔም ማንሣቱን ተውኩ። ብርዱ ሳይገባ አረፉ።

ቀብር ላይ ጥቂት ሰው ነበር። ጓደኛቸው ከተራራው ድረስ ነድቶ መጣ፤ እሱም ፊቱ የተጨማደደ፣ ጉልበቱ የከዳው ሽማግሌ ነው። አፈር አልብሰን ስንጨርስ ጠጋ ብዬ ወንዙን ጠየቅሁት።

«ዝናብ በጣለ ቁጥር ይጠቁራል» አለኝ። «ዳርቻውን እንደገና አኻያ መትከል ጀምረናል።»

«ዓሣው ይመለሳል?»

«ይመለስ ይሆናል። እኔ ግን የማየው አይመስለኝም።» መሬት መሬት እያየ፣ «የሚተክል ሰው አንሶናል። ከሁላችን ብርቱው እሱ ነበር» አለ። ከዚያ ልጅቷን አቅፎ ተሰናበታት፤ ፒክአፕ መኪናውን አስነሥቶም ወደ ተራራው መንገዱን ቀጠለ።