በሬው የዋጠው «የጨርቅ» ቦርሳ

ቅዳሜ ጠዋት ነው። አክስቴ ይታይሽ ከቡሬ ገጠር ደወሉልኝና «ወይኖ አልተረፈም፣ ነይ» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ወይኖ የባላቸው የአጎቴ የአለኸኝ በሬ ነው። ካሏቸው ሁለት በሬዎች አንዱ... ያውም ሰኔ ገብቶ፣ መሬቱ ለዘር ሲደርስ! የገበሬ ልጅ የሆነ ያውቀዋል፣ ይሄ ለቅሶ ነው። ከፍኖተ ሰላም በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድኩ።

ስደርስ ታርዶ አልቋል። ሦስት ቀን ሆዱ ተነፍቶ፣ ማመንዠኩን ትቶ፣ የእንስሳት ሐኪሙ መድኃኒትም አልሆን ሲለው ሳይሞት በቢላ ደረሱበት። በጾም ምድር! አጎቴ ጥግ ላይ ተቀምጠው መሬቱን በእንጨት ይጭራሉ፣ ቀና ብለውም አላዩኝ።

አክስቴ አንድ ነገር ይዘው መጡ። «ይኸን ታውቂዋለሽ?»

አወቅኩት። ከሆዱ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ... አረንጓዴ ቅጠል የታተመበት የጨርቅ ቦርሳ። ለፋሲካ ያመጣሁላቸው እኔ ነኝ! «አክስቴ፣ ፌስታል ይተዉ፣ ከብት ይገድላል። ይሄ ጨርቅ ነው» ብዬ ስደሰኩር ነበር።

ለካ ከገበያ ጨው ይዘውበት መጥተው አጥር ላይ ሰቅለውታል። ወይኖ ጨዉ ሸቶት ጎትቶ አወረደው። አክስቴ ሮጠው ሲደርሱ ጫፉ ብቻ ነው ከአፉ የሚታየው።

«ልጅቱ ጨርቅ ነው ብላለች፣ ያወጣዋል ብለን ዝም አልን። ፌስታል ቢሆን ያን ለት ሐኪም እንጠራ ነበር እኮ!» አሉኝ።

«ጨርቅ ነው እኮ!» አልኩ፣ እንደ ሞኝ።

አክስቴ ዕድሜ ልካቸውን ጥጥ ሲፈትሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ከቦርሳው ጫፍ ቀደዱና ክብሪት ጫሩ። «ጥጥ ሲነድ አመድ ይሆናል። እይው እንግዲህ።»

አመድ የለ፣ ምን የለ... ቀልጦ ጠብ፣ ጠብ አለ። ሽታው የፌስታል ሽታ ነው። ጨርቅ አስመስለው የሠሩት ፕላስቲክ!

ያኔ አጎቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። «ቅጠል የሣሉበት ሁሉ ከዛፍ አይወርድም፣ ልጄ።» ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

ደሜ ፈላ። ሰኞ ጠዋት ወደ ሸጠልኝ ቡቲክ ሄጄ የተረፈውን ቦርሳ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። ሰውዬው ዛሬም በየቀለሙ ደርድሮታል።

«ጨርቅ ነው ብለህ አይደል የሸጥክልኝ?»

«የኔ እህት፣ ተረጋጊ። እኔስ ጨርቅ መስሎኝ ነው። ደግሞ ማን ከምን እንደተሠራ ጠይቆኝ ያውቃል? ፋሽን ነው፣ ሰው ለፎቶ ነው የሚገዛው።»

«ለፎቶ? በሬ ገድሏል እኮ ነው የምልህ!»

ስልኩን አወጣና ፎቶ የምለጥፍበትን የራሴን ገጽ ከፍቶ አሳየኝ። ያንኑ ዓይነት ቦርሳ ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ፣ ፈገግ ብዬ...

«ይሄው! አንቺን አይተው እኮ ነው ስንቶቹ የገዙኝ። አንቺስ ለምን ነበር የገዛሽው?»

ቤቴ ውስጥ ሌሎች አራት ቦርሳዎች ተሰቅለዋል፣ እያንዳንዱ ከአንድ ልብሴ ቀለም ጋር እንዲሄድ የተገዛ። አንዱንም ከምን እንደተሠራ አልጠየቅኩም። ንዴቴ ይሄን ስጽፍም አልበረደም። በሻጩም ተናድጃለሁ፣ ፕላስቲክ ላይ ቅጠል በሣለውም፣ ከሁሉ በላይ ግን በራሴ።

አጎቴ ዛሬ እንደሳቸው አንድ በሬ ያለው ሰው ፍለጋ ጎረቤት መንደር ወርደዋል፣ አቀናጅተው ለማረስ። ሁሉም በየማሳው በተጣደፈበት ሰዓት ማንን ያገኛሉ?

ከቀረው በሬ ጋር የኔን ፎቶ አይጠምዱት ነገር!