አባቴ ስልክን ሁሉ «ኖኪያ» ይሉት ነበር

አባቴ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው። እሳቸው ዘንድ ስልክ ሁሉ ኖኪያ ነበር። መጀመሪያ የያዙት ኖኪያ ስለነበረ የጎረቤታቸውን ሳምሰንግ እንኳ «ሰፊው ኖኪያ» ይሉታል።

«አባዬ፣ የኔ እኮ ቴክኖ ነው» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አትሟገችኝ እንጂ! ቴክኖ የሚባል ኖኪያ ነዋ!» ብለው ሳቁብኝ።

እሳቸው ንፋስ መውጫ፣ እኔ ወገዳ ነበርን። በመሃላችን ያለው መንገድ በጦርነቱ ከተዘጋ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ይደውሉና «ልጆቹ ከቤት ናቸው? ኖኪያሽን እንዳትዘጊው» ይሉኝ ነበር።

መርዶ በወጉ ሽማግሌ በማለዳ መጥቶ የሚነግረው ነው፤ የኔ ግን በዚያው ስልክ መጣ። ወንድሜ ደውሎ «አባዬን ዛሬ ቀበርናቸው» አለኝ። ልነሳ ብል መኪና የለም። በእግር እንዳልወጣ ልጆቼን ለማን ጥዬ? ይዣቸውስ በየት በኩል? እዚሁ ከጎረቤት ጋር አለቀስኩ። ዛሬም አርባቸው እዚያ ሲወጣ እኔ እዚህ ነኝ።

አስከሬናቸውን ስላላየሁ፣ አንዳንዴ የሞቱ ሳይሆን መንገድ የያዛቸው ይመስለኛል። መንገዱ እንዲከፈት እጸልያለሁ። የተከፈተ ቀን ግን ሄጄ መቃብራቸውን ማየቴ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ እፈራዋለሁ።