የዓለቱ ፋሻ

ሱሉልታ ያለው ቤታችን ከጎጃም መንገድ አይርቅም። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር የቡፌው ብርጭቆዎች ይንኳኳሉ። ባለቤቴ ታደሰ ከማረፉ በፊት የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ሲሰነጠቅ፣ በስንጥቁ ላይ ጣት የምታህል ጀሶ ለጥፎ ከጎኗ ቀኑን በእርሳስ ጽፎ ነበር። ዛሬ ጠዋት አልጋ ሳነጥፍ አየኋት፤ ለሁለት ተከፍላለች። ቁጭ አልኩ። ሰሞኑን ከመቆም ቁጭ ማለት ይቀለኛል።

እንዲህ ያለ ጀሶ መጀመሪያ ያየሁት ቡራዩ፣ አባቴ በሚሠራበት የድንጋይ ካባ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ መንገዱ ገና ጭቃ ሳለ፣ ምሳውን ሽሮ ፍትፍት ቋጥሬ እወስድለት ነበር። አባቴ ከአንድ ትልቅ ዓለት ሥር ተቀምጦ ይጠርባል፤ ከበላዩ ድንጋይ መፍጫው ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል። ታደሰ ያኔ የካባውን ደህንነት የሚከታተል ቀጭን ቴክኒሻን ነበር። መጥቶ በዓለቱ ስንጥቅ ላይ ጀሶ ሲለጥፍ ጠራቢዎቹ ሣቁበት።

«ዶክተር! ፋሻውን ከማሰርህ በፊት ትኩሳቱን ለካህለት?»

አባቴም፣ «ይኼ ዓለት ከአያቴ በፊትም ነበረ፤ የት ይሄዳል ብለህ ነው?» አለው።

«ኦቦ ገመዳ፣ ድማሚቱ አንዴ ጮኾ ዝም ይላል። ዓለቱን የሚያደክመው መፍጫው ነው። ትንሽ ይገፋዋል፣ ዓለቱም ይመለሳል፤ ግን የነበረበት ድረስ አይመለስም። ጀሶው ከተሰነጠቀ ዓለቱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፤ እዚህ አይቀመጡ።»

ዓርብ ዓርብ እየመጣ ያይ ጀመር። እኔ ግን ከመምጣቱ በፊት ጀሶው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየሁ። አቀጥኖ አቡክቶት ነው፣ ደግሞ ሊሣቅበት ነው ብዬ አዘንኩለት። ቤታችን ሲለሰን የተረፈ ጀሶ ነበር፤ በጥብጬ ስንጥቁን ደፈንኩና በጣቴ አለሰለስኩት። ሦስት ሳምንት እንዲሁ አደረግሁ። እሱም እያየ «ደህና ነው» ይላል፤ አባቴም እዚያው ይቀመጣል።

በአራተኛው ዓርብ ልደፍን ስል ጣቴ የዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ እስከ አንጓው ገባ። ታደሰ እስኪመጣ ከዚያ አልተንቀሳቀስኩም።

«የደፈንኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «በየሳምንቱ።»

አልተቆጣኝም። የአባቴን መዶሻ አንሥቶ፣ «ኦቦ፣ ይነሡ» አለ። አባቴ እያጉረመረመ ተነሣ። ከዚያ በአራተኛው ቀን፣ ዝናብም ድማሚትም ሳይኖር፣ ዓለቱ ወረደ። የአባቴ መቀመጫ ከሥሩ ቀረ።

ከተጋባን በኋላ ታደሰ ለእንግዳ ሁሉ «ዓለት ኩላ ያገባችኝ» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ልጄ መጥቶ የተከፈለችውን ጀሶ አየ። «እማዬ፣ ጀሶ ላምጣና ልድፈናት?»

«ተዋት። ግንበኛ ጠርተህ ግድግዳውን አሳይልኝ። አልጋዬንም ፈቀቅ አድርግልኝ።»

አልጋውን ገፍቶ ሲጨርስ አየኝ። «አንቺስ? በረታሽ?»

ከታደሰ ቀብር ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ «ደህና ነኝ» ስል ከርሜያለሁ።

«ደክሞኛል» አልኩት።