ሹሙ የተቀበለው ጽዋ

በክልሉ ምክር ቤት ተነሥቼ የመጀመሪያውን ጥያቄዬን የጠየቅሁ ቀን፣ በተመረጥኩባት ብልባላ ቴሌቪዥን ያለበት ጠላ ቤት ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር አሉ። ስለ ጸጥታው፣ ስለ ፍርድ ቤቱ፣ መድኃኒት ስለሌለው ጤና ጣቢያ አከታትዬ ጠየቅሁ። ጠላ ቤቱ አጨበጨበ። ከዚያ መልስ ሊሰጥ የተነሣው የክልሉ የፍትሕና ጸጥታ ኃላፊ ጉሮሮውን ጠርጎ "ምክር ቤቱን አመሰግናለሁ" ከማለቱ መብራት ድርግም አለ። የብልባላ ሰው ጥያቄውን አንድ ሳይቀር ሰምቶ መልሱን ሳይሰማ ቀረ። ለእረፍት ስመለስ ከመኪና ሳልወርድ ከበቡኝ። "እሺ፣ ምን አለሽ?"

እኔ ከፊቱ ተቀምጬ፣ መብራት በርቶ፣ ማይክሮፎኑ እየሠራ መልሱን እስከ መጨረሻው አዳምጫለሁ። ምን እንዳለ ግን መናገር አቃተኝ። ጥናት ላይ ነው ብሏል፣ ከባለድርሻ አካላት ጋር ብሏል፣ በቅርቡ ብሏል። አክስቴ አዳምጣኝ ስታበቃ "እና እዚያም መብራት ጠፍቶ ነበር?" አለችኝ።

የፍርድ ቤቱን ጥያቄ የሰጠችኝ እሷ ናት። የአባቴ እህት ነች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቷን በእኩል ታሳርሳለች። የድንበር ጎረቤቷ ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ ትልም ወደ እሷ ይገፋል። አንድ ትልም ምን አላት የሚል ሰው መሬት የሌለው ሰው ነው። ባሏ በእጁ የተከላት ወይራ ከማሳዋ መሀል ነበረች፤ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ የጎረቤት ንብረት ሆነች። ድሮ ተዘዋዋሪ ችሎት በገበያ ቀን ብልባላ ድረስ እየመጣ ያስችል ነበር። ጸጥታው ሲደፈርስ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ክስ ያለው ሁሉ ላሊበላ ድረስ መሄድ አለበት፤ የአክስቴ ጉልበት ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን አያሳልፋትም።

"ክረምት ሳይገባ አምጪልኝ" አለችኝ። "መልስ አይደለም የምልሽ። ዳኛ።"

እንደገና ወተወትኩ። በመጨረሻ ኃላፊው ራሱ የመስክ ምልከታ ብሎ መጣ። ምልከታውን ግን ላሊበላ ሆቴል ውስጥ ተቀምጦ ሊጨርሰው ነበር፤ የብልባላ መንገድ ለጸጥታ ያሰጋል አለኝ።

"ክቡርነትዎ፣ በዚያ መንገድ አህዮች በየገበያው ይመላለሳሉ፤ እስካሁን ቅሬታ ያቀረበ አህያ የለም" አልኩት። ካሜራ ይዘው የተከተሉት ጋዜጠኞች ሳቁ። ከአህዮቹ ኋላ የሚሄደው ሰው ግን እየፈራ እንደሚሄድ፣ ፍርሃቱንም ከጨው ጋር ጭኖ እንደሚመለስ ጨመርኩለት። ካሜራ እያየው እንዴት እምቢ ይበል? ሄድን።

ቀኑ የማርያም ዕለት ነበር። የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ በዚያ ወር የማርያም ጽዋ ማኅበር ያረፈው አክስቴ ቤት ነውና እንግዳው ቢያንስ ዳቦ ሳይቀምስ አይሄድም ብዬ ነው። የቀረውን ያሰበችው እሷ ናት። ማኅበሩ በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ተጠጥቶ ሲያበቃ ካህኑ ጽዋውን ባርከው ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣሉ። የተቀበለ ሰው በሚመጣው ወር ደግሶ ይጠብቃል። ቃሉ ከእመቤታችን ጋር ስለሆነ አልተመቸኝም ብሎ ነገር የለም።

ኃላፊው ከተማ ተወልዶ ከተማ ያደገ ነው፤ ይህን ሁሉ አያውቅም። አክስቴ ወደ ካህኑ ጆሮ ጠጋ አለች። የሚመጣው ወር ተረኛ የነበረችው ሴት ሰው ኋላ ሸሸት አለች። ካህኑ ጽዋውን እንደያዙ ወደ እንግዳው ሲዞሩ ነገሩ ገባኝ። በሹክሹክታ ላስጠነቅቀው እችል ነበር፤ የጣሪያውን ማገር ማየት መረጥኩ። ሰውዬው ክብር መስሎት ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ወደ ካሜራው ፈገግ ብሎ ጠጣ። እልልታው ቤቱን አናጋው።

"እንኳን ደስ አለዎት፣ ጌታው። የሚመጣው ወር ተረኛ አንቱ ነዎት" አለች አክስቴ።

ሳቀ። ወደ ካህኑ ዞረ፤ ካህኑ አልሳቁም። ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ አሁንም ማገሩን እያየሁ ነበር።

"እኔ እንኳ... ሥራው..."

"ግድ የለም፣ ወኪል መላክ ይቻላል።" ፊቱ ሲፈካ ጠብቃ ጨመረችለት፦ "ወኪልዎ ግን ዳኛ ይሁን።"

በወሩ ዳኛው ከነድግሱ ዱቄት መጣ። ብልባላ ቤት ስለሌለው አክስቴ ቤት ተደገሰ፤ ዳኛው ከማኅበርተኛው ጋር ዳቦ ቆርሶ፣ ጠጥቶ፣ ጽዋውን ለቀጣዩ አስረከበ። በገበያው ቀን ችሎት ተቀመጠ። የተሰረቀ በሬ፣ የልጅ ቀለብ፣ የወንድማማቾች ውርስ፣ ያደረው ክስ ሁሉ ተሰማ። ሰው ከፍርድ ቤት ፈገግ ብሎ ሲወጣ ያን ቀን አየሁ። በመጨረሻ የአክስቴ ስም ሲጠራ የድንበር ጎረቤቷ ተነሣ። እሱ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነው፤ ከእኛ ጽዋ ቀምሶ አያውቅም።

"ክቡር ዳኛ፣ ከሳሼ የማኅበር እህትዎ ናት። ከዚህ ጉዳይ ይነሡልኝ።"

ዳኛው መዝገቡን ዘጋ። "ልክ ነህ" አለው፤ ከጉዳዩም ተነሣ። ሁሉን አስበን ይህን አላሰብንም። አገሩ ሁሉ ዳኛ ሲያገኝ ዳኛውን ያመጣችው ሴት ባዶ እጇን ቀረች። ልቤ ድብን አለ፤ የጎረቤቷ ብልጠት ደግሞ ይበልጥ አበሸቀኝ፣ እኔ ብሆንም ያንኑ እል ነበርና።

ወደ ምክር ቤቱ ተመልሼ እጄን አወጣሁ። "ለብልባላ ሌላ ዳኛ ይመደብልን። ጽዋ ያልቀመሰ" አልኩ። አዳራሹ ሳቀ፤ ኃላፊው አልሳቀም። በዚህኛው ጊዜ ጥናትም ባለድርሻም አላነሣም። ሌላ ጽዋ እንዳይመጣበት ፈርቶ መሰለኝ፣ አዲስ ዳኛ ቶሎ ሰደደልን።

ዳኛው አቧራ ለብሶ፣ ከንፈሩ ደርቆ ደረሰ። አክስቴ ለመንደሩ ሁሉ አስጠንቅቃ ነበር፤ ማንም ምንም እንዳይሰጠው። እንግዳ ደጇ ደርሶ ውሃ ሳይቀምስ መዋሉን አይታ አታውቅም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ላቡ ሲንጠባጠብ እያየች ቁጭ አለች።

"ውሃ እንኳ?" አልኳት።

"ዝም በይ፣ ይነሣብኛል።"

ሽማግሌዎች መሰከሩ። ዳኛው ማሳው ድረስ ሄዶ አየ፤ አክስቴን በበቅሎ አደረስናት። ድንበሩ ከወይራዋ ማዶ ነው፣ የተገፋው መሬት ይመለስ ብሎ ፈረደ። እልል አለች። ያን ጉልበት ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ከበቅሎው ላይ ወርዳ፣ ወደ ማሳው ካስመጣችው እንስራ የተቀዳ ጠላ በዋንጫ ይዛ ዳኛው ፊት ቆመች።

"አሁን ተፈርዷል። አሁን ይጠጡልኝ።"

ዳኛው ዋንጫውን ሲያይ ሁለት እጁን ወደ ኋላ ደበቀ። ለካ ላሊበላ ላይ መክረውታል፤ ብልባላ ስትሄድ የሚሰጡህን ነገር በሁለት እጅህ እንዳትቀበል ብለውታል። "ይግባኝ ሊኖር ይችላል፣ እናቴ" ብሎ ይቅርታ ጠይቆ ሄደ።

አክስቴ ዋንጫዋን እንደያዘች ወይራዋ ሥር ቀረች። የምትጨፍር መስሎኝ ነበር፤ እንባዋ መጣ። "መሬቴን የመለሰልኝን ሰው ጉሮሮው ደርቆ ሰደድኩት" አለች። ከዚያ ዞር ብላ ዋንጫውን ለተረታው ጎረቤቷ ዘረጋችለት።

ሰውዬው ዋንጫውን አየ፣ እሷን አየ። "ተረኛ ልታደርጊኝ እንዳይሆን" አለ።

"አፈሬን ስትበላ ያልፈራህ፣ ጠላዬን ትፈራለህ? ጠጣ!"

ተቀበለ። በአንድ እጁ።