የሰበርኩት ሊሾ

ሰበታ ውስጥ ግቢው ሊሾ የሆነ ሰው እንዳለፈለት ይቆጠራል። ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ይነጥቃላ! እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝ ሲል ሕንጻ ላይ የቀን ሥራ ገባሁ፤ ሲሚንቶ ሳቦካ ከርሜ እጄ ተፍታታ። የመጀመሪያው የራሴ ሥራ የእናቴ ግቢ ነበር። ከደጃፋችን ጥግ ላይ እስካለው ሽንት ቤት ድረስ ድንጋዩን ነቅዬ፣ ጉብታውን ደልድዬ፣ ልስልስ ያለ ሊሾ አደረግኩት። ጎረቤት እየመጣ አየልኝ።

እናቴ ግን አላየችውም። ዓይኗን ግላኮማ ከወሰደባት ቆይቷል። የሠራሁትም ለእሷ ብዬ ነው፤ እንዳትደናቀፍ።

ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ሽንት ቤት መሄድ አቆመች። ማንንም ሳትጠራ ደርሳ ትመለስ የነበረች ሴት በር ላይ ቆማ እኔን መጥራት ጀመረች። ሥራ ስሄድ ደግሞ ውሃ አትጠጣም። ለምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አንድ ቀን ይዣት ስሄድ፣ «ሰው ነኝ የሚያሰኘኝ ይቺ ብቻ ቀርታኝ ነበር» አለችኝ። ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ እንጃ። ገመድ ገዝቼ ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ ወጠርኩላት።

«በግ ነኝ እንዴ?» አለች። ገመዱን አልነካችውም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጥረጊያና ቡሩሽ እየሠሩ የሚሸጡት አዛውንት መጡ። ከተወለዱ ጀምሮ ዓይናቸው አያይም፤ ቢሆንም ለዓመታት ማንም ሳይመራቸው ቀጥ ብለው ደጃፋችን ይደርሱ ነበር። ያን ቀን ግቢው መሃል ቆሙ። በዘንጋቸው ግራ መቱ፣ ቀኝ መቱ።

«አካም ቡልታን፣ አባባ!» ብዬ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አልኳቸው። «በዚህ በኩል ነው።»

«ፈያ፣ ልጄ። ግቢውን ማን ሰረቀው?»

«ምኑን?»

«ሁሉንም ነዋ! የሚነቃነቅ ድንጋይ ነበር፣ ከሱ ቀጥሎ ጠጠር፣ ከዚያ ጉብታው። አሁን ባዶ ሜዳ ላይ የጣልሽኝ ነው የመሰለኝ።»

እናቴ ቤት ውስጥ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ! «ይንገሯት! እኔን አልሰማ ብላለች» አለች። ነግራኝ ነበር ይሆን? ምናልባት።

ሽማግሌው መዶሻና መሮ እንዳመጣ አዘዙኝ። ያቺን የኮራሁባትን ሊሾ፣ ሁለት የማያዩ ሰዎች እየተጨቃጨቁ እዚህ ስበሪ፣ እዚያ ተዪ አሉኝ። እናቴ በባዶ እግሯ እየረገጠች ትለካለች፤ እሳቸው በዘንግ ያዳምጣሉ። ከደጃፉ እስከ ሽንት ቤቱ አንድ ጫማ የሚያህል ስፋት እየሰበርኩ ጠጠር ሞላሁበት። መንገዱ ወደ ሽንት ቤቱ የሚዞርበት መታጠፊያ ላይ አንድ ሰፊ ድንጋይ ቀበርኩ። ከዚያ የውሃውን በርሜል ከመታጠፊያው አጠገብ አድርጊው አሉኝ።

«በርሜሉ ደግሞ ምን ያደርጋል?»

«በጎኑ ስታልፊ አየሩ ይቀዘቅዛል። አታውቂም?»

አላውቅም። ዕድሜ ልኬን በበርሜል አጠገብ አልፌያለሁ፤ አንድ ቀን አልተሰማኝም። የምሠራበት ሕንጻ ላይ ወረቀት ዘርግተው ግድግዳና መስኮት የሚያሳዩ ሰዎች አሉ። እግር ምን እንደሚሰማው፣ ጉንጭ ምን እንደሚሰማው የተናገረ ሰው ግን አልገጠመኝም።

እናቴ ጫማዋን አውልቃ ተነሣች። ልከተላት ስል ሽማግሌው ክንዴን ያዙኝ። ጠጠሩ ከእግሯ ሥር ይንኮሻኮሻል። ቀስ አለች።

«በርሜሉ ጋ ደረሰች» አሉ ሽማግሌው። እውነትም ደርሳለች! «አሁን ዞረች።» ዞረች። እኔ ዓይኔን አፍጥጬ የማየውን እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ይነግሩኛል።

የሽንት ቤቱ በር ተዘጋ። መቀርቀሪያው ከውስጥ ሲገባ ተሰማኝ።

ቆየች። በጣም ቆየች። አላስችል ሲለኝ በሩ ድረስ ሮጥኩ። «እማ፣ ደህና ነሽ? ምነው ቆየሽ?»

«አልቸኮልኩም! ዞር በይልኝ!»

ሽማግሌው ከኋላዬ ዘንጋቸውን መሬት ላይ መቱ። «ነይ ከዚያ፣ አንቺ ልጅ። ሰው ሽንት ቤት በር ላይ አይቆምም።»