ትሪምባል በሁለት ኤል

ዊኒፍሬድ ትሪምባል የምትኮራበት ስም የባሏ ነበር። የአባቷ ስም ብራውን ነው፤ ኦሃዮ ውስጥ ድንጋይ ብትወረውር አንድ ብራውን ሳይመታ መሬት አይወርድም። ትምህርት ቤት ሳለች ክፍሉ ውስጥ ሦስት ብራውኖች ስለነበሩ አስተማሪዋ «ወፍራሟ ብራውን» እያለች ትጠራት ነበር። ኦርቪል ትሪምባል እንድታገባው ሲጠይቃት እሺ ያለችው ለመልኩ እንዳልነበረ ሠርጉ ላይ የተገኘ ሁሉ ያውቃል።

ኦርቪል የትምህርት ቤት አውቶቡሶች መካኒክ ነበር። ስለ ስሙ የሚያውቀው ቅጽ በሞላ ቁጥር «እንዴት ነው የሚጻፈው?» እያሉ እንደሚያደክሙት ብቻ ነው። ዊኒፍሬድ ግን ልጆቿን አሳድጋ ከሸኘች በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የትሪምባልን ዘር ስትቆጥር ኖረች። የስልክ ማውጫ አገላበጠች፣ የመቃብር ድንጋይ ፈተገች፣ ከሞቱ ለቆዩት ሳይቀር ደብዳቤ ጻፈች። በመጨረሻ በመላ አገሪቱ ስልሳ አንድ ትሪምባሎች አገኘችና ማኅበር አቋቋመች። ሊቀመንበሯም ጸሐፊዋም ራሷ ሆነች።

በፖስታ አዝዛ ያስመጣችው፣ አንበሳና ሦስት ጦር ያለበት የዘር አርማ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቀለ። የመጀመሪያው ትሪምባል ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር የዘመተ ፈረሰኛ ነው ብላም ወሰነች። ማስረጃ? ማስረጃውማ ይገኛል፤ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ።

«አያቴ እኮ ለበቅሎ የብረት ጫማ ሲመታ ነው የኖረው» ይላታል ኦርቪል።

«የፈረሰኛ ዘር ስለሆነ ነዋ! ከጋማ ከብት መች ራቀ?»

ማኅበሩ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት አዳራሽ ይሰበሰባል። ሁሉም የድንች ሰላጣውንና ፓይ የሚሉትን የፍራፍሬ ኬክ ይዞ ይመጣል። ከኢንዲያና ድረስ ሦስት መቶ ማይል እየነዳ የሚመጣው ሌስተር ግን ስሙን የሚጽፈው እንደ ሌሎቹ በሁለት ኤል ፊደል ሳይሆን በአንድ ነው። ስለዚህ ዊኒፍሬድ ደረቱ ላይ «እንግዳ» የሚል ወረቀት ለጥፋ በሩ አጠገብ ታስቀምጠዋለች።

«ዊኒፍሬድ፣ እኔና ኦርቪል እኮ ቁርጥ አንድ ነን። እስቲ አፍንጫችንን እይው!»

«አፍንጫ አይቆጠርም ሌስተር። የሚቆጠረው ፊደል ነው።»

አሥረኛው ስብሰባ ሲቃረብ ከትሪምባሎች ወደ ኦሃዮ መጀመሪያ የመጣውን ኤልፋዝ ትሪምባልን ፍለጋ የካውንቲው፣ ማለትም የወረዳው፣ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ገባች። ዴልፊን የምትባለው አሮጊት መዝገብ ያዥ አቧራውን እፍ ብላ የ1838ን አንድ ፋይል ዘረጋችላት።

ኤልፋዝ ፈረስና ጋሪ ሰርቆ ተከሷል። የጋሪው ባለቤት አገር ላገር የሚዞር መድኃኒት ሻጭ ነው፤ ወንዝ ወርዶ ገላውን ሲታጠብ ንብረቱ ሄዶበታል። ጋሪው ጎን ላይ በትልቁ «የዶክተር ትሪምባል የጉበት መድኃኒት» ተብሎ ተጽፏል። ሌባው ጋሪውን ነድቶ ሌላ ካውንቲ ገባና መድኃኒቱን መሸጥ ጀመረ። ዳኛው ስሙን ከየት እንዳመጣው ሲጠይቁት እንዲህ መለሰ፦ «ጋሪው ላይ ተጽፎ ነበር። ሰዎቹም እንደዚያ ብለው ጠሩኝ። እምቢ ማለት ነውር መሰለኝ።» እውነተኛ ስሙን አልናገርም ብሎ ስድስት ወር ታሰረ።

«አገኙት አይደል? እንኳን ደስ ያለዎት!» አለች ዴልፊን። «ኮፒ ላድርግልዎ?»

«አድርጊልኝ» አለች ዊኒፍሬድ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመደ አፏ ቀድሟት።

ወረቀቱን ባሏ በዕድሜው ከፍቶት የማያውቀው የመጥረጊያ ቁም ሣጥን ውስጥ ደበቀችው። በሦስተኛው ቀን ኦርቪል ብርጭቆ ሰበረና፣ በአርባ ዓመት ትዳር ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ራሱ ሊጠርግ ተነሣ። ስትመጣ ወረቀቱን ይዞ ወለሉ ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪፈስ ሲስቅ አገኘችው።

«በልጆቻችን ይዤሃለሁ ኦርቪል፣ ትንፍሽ እንዳትል!»

«እሺ፣ እሺ፣ ቃሌ ነው» አለ እንባውን እየጠረገ።

በስብሰባው ዕለት አሥራ አራት ሰው መጣ። ዊኒፍሬድ ስለ ፈረሰኛው አርባ ደቂቃ ተናገረች። ስታበቃም ወደ ሌስተር ዞራ «ከዘሩ ያልሆኑ እንግዶቻችንንም ስለ ትዕግሥታቸው እናመሰግናለን» አለች። ይሄኔ ኦርቪል ተነሣ።

«ዊኒ፣ ይቅር በይኝ» አለና ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ከዳር እስከ ዳር አነበበው።

 ከዚያ ፊት ለፊት የተቀመጡት የዘጠና ዓመቷ አክስቱ «ጉበት? ጉበት ነው ያልከው?» ሲሉ ሳቁ ፈነዳ። ሌስተር ጠረጴዛውን ደበደበ። «በል ንገረን! ጋሪው ላይ የተጻፈው በስንት ኤል ነው?»

ኦርቪል መነጽሩን ገፋ አድርጎ ወረቀቱን አየ። «በአንድ።»

ዊኒፍሬድ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ኦርቪል መኪናው ውስጥ ሲያገኛት አንድ ቁራጭ ፓይ በሳህን ይዞላት ነበር።

«ቃል ገብተህልኝ ነበር።»

«ገብቼ ነበር። የሌባ ዘር ቃል መሆኑን ረሳሽው።»

አልሳቀችም። «አንተ ምን ቸገረህ» አለች ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፤ «ስትወለድ በነጻ የተሰጠህ ነው። እኔ መርጬ ነው የገባሁበት።» ኦርቪል ፓዩን ራሱ በላው።

በዓመቱ ሃምሳ ሁለት ትሪምባሎች ደረታቸው ላይ ጋሪ የታተመበት ካናቴራ ለብሰው መጡ፤ ሌስተርንም ሊቀመንበር አድርገው መረጡት። ዊኒፍሬድ አልሄደችም። አርማውንም አውርዳ ጋራዥ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ግን እንዳይቧጨር በብርድ ልብስ ጠቅልላ ነው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት አኩርፋ ከረመችና አንድ ጠዋት አንድ ሐሳብ መጣላት። ሌባው ሌባ ይሁን፤ የጋሪው ባለቤት ግን እውነተኛ ትሪምባል ነው። እሱስ የማን ዘር ነበር? ፈልጋ ፈልጋ የዶክተሩን የልጅ ልጅ ልጆች ቬርሞንት ውስጥ አገኘቻቸውና ስለ ፈረሰኛው አያታቸው እየጠየቀች አራት ደብዳቤ ጻፈችላቸው። አንዱም መልስ አልመጣለትም።

«አየህ ኩራታቸውን?» አለችው ኦርቪልን፣ አምስተኛው ላይ ቴምብር እየለጠፈች። «ዝም ብሎ ሰው እንዲህ አይኮራም።»